አቶ ምንይችል በአቶ ምንይችል ፊት

ከኮሶበር ወደ ዳንግላ ሲኬድ የቀርከሃ አጥሯን ግራና ቀኝ አሰልፋ መንገደኛ የምትቀበል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን እዚህ መጥራት አያስፈልግም፤ ትሑት ስለሆነች ታፍራለች። ታሪክ ግን ለትሑቶችም ታላላቅ ሰዎችን መላኩ አይቀርምና ለእሷም የማዘጋጃ ቤቱን ኃላፊ አቶ ምንይችልን ልኮላታል።

አቶ ምንይችል ከሌሎች ኃላፊዎች የሚለዩት በመመረቅ ነው። ሌላው ሠርቶ ይመርቃል፤ እሳቸው ግን ሥራ የሚባለው ነገር እስኪደርስ ሕዝቡን ማጉላላት አይወዱም። የገበያውን ቦኖ ብቻ ሦስት ጊዜ መርቀውታል። መጀመሪያ የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል፣ ቀጥሎ የቧንቧው አፍ ሲገጠም፣ በመጨረሻም ቀለም ሲቀባ። ውሃው ለቀጣዩ ምዕራፍ ተይዟል። በየምርቃቱ ደግሞ በከተማዋ መግቢያ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የብረት በር ይቆም ነበር። በሩ በየጊዜው እየሰፋና እየረዘመ ሄዶ በመጨረሻ የጭነት መኪና በሥሩ ሲያልፍ የልጅ መጫወቻ እስኪመስል ድረስ ተከበረ። ሕዝቡ ግን ልማት አይገባውም፤ ቢጫ ጀሪካኑን አዝሎ ቁልቁል ወደ ምንጩ መውረዱን አልተወም። ከሚወርዱትም አንዷ የአቶ ምንይችል የራሳቸው ባለቤት ስሜነሽ ነበረች።

በዚህች ከተማ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ለቡሄ ጎረምሶቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ፊታቸውን ገልጠው አይደለም። ቅል ለሁለት ይሰነጥቁና ዓይንና አፍ ያወጡለታል፤ የበግ ለምድ ገልብጠው ይለብሳሉ፤ ከፈረስ ጭራ ጢም ይሠራሉ። ከዚያ በየደጁ እየዞሩ የሠፈሩን ሰው ያስመስላሉ፤ ቆጣሪ አንባቢውን፣ እህል ነጋዴውን፣ ሁልጊዜ የሚያስነጥሱትን መምሬን ሳይቀር። የቤቱ ባለቤት ከቅሉ ጀርባ ያለውን ካላወቀ ሙልሙሉን፣ ቅቅል ድንቹንና ጠላውን ይከፍላል። ጭምብለኛን መቆጣት ነውር ነው፤ ጭምብሉን መግለጥ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። ጭምብለኛ የተናገረውን የተናገረው ቅሉ ነው፤ ቅል ደግሞ አይከሰስም።

አምና ዋኘው የሚባለው የቀርከሃ ሠራተኛ መቀስ ይዞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ በአቶ ምንይችል ደጅ ቆመ። ከዚያ የውሻውን ቤት መረቀ። የዶሮውን ቆጥ መረቀ። ሽንት ቤቱን «በቀጣይ ከጎረቤት ቀበሌዎች ጋር የሚያስተሳስረን ድልድይ» ብሎ መረቀ። ሰው ሆዱን ይዞ ወደቀ። አቶ ምንይችልም ልማዱ ነውና ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አልፎ አልወረደም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቆየ።

ዘንድሮ፣ ነሐሴ ሲብት፣ ከክልል ወይዘሮ ትሕትና የተባሉ ከፍተኛ እንግዳ የቡሄን ጭምብል ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተሰማ። አቶ ምንይችል ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው እሳቸውና ረዳታቸው ሽመክት ነበሩ። ሽመክት ገና ያልተባለውን ነገር በመደገፍ የሚታወቅ ትጉ ወጣት ነው።

«ባህላችንን ከነችግሩ ነው የምናሳየው ወይስ ችግሩን ፈትተን?» አሉ አቶ ምንይችል።

«ፈትተን!» አለ ሽመክት።

«ችግሩ ምን ይመስልሃል?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ ጋሼ፤ እኔ መፍትሔው ላይ ነው የተስማማሁት።»

«ችግሩ» አሉ አቶ ምንይችል፣ ወደ መስኮቱ እየተራመዱ፣ «ጭምብሉ ፊት መሸፈኑ ነው። ሰው ፊቱን ሲሸፍን አፉ ይከፈታል።»

ሽመክት ይህን ጻፈው። ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ስለዚህ የጭምብል አጠቃቀም መመሪያ ወጣ። በመመሪያው መሠረት ከእንግዲህ ጭምብል ነጋዴ፣ ቄስ፣ አዛውንት ወይም ሟች ማስመሰል አይችልም፤ የሚያስመስለው «ለትውልድ አርአያ የሆነ፣ በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ኃላፊን ብቻ» ይሆናል። ደግሞም የባህሉ ክብር እንዲጠበቅ፣ እንግዳዋ ከሜዳው ሳይወጡ ጭምብሉን ያወለቀ ሰው አዳራሽ ተዘግቶበት ይውላል። ሽመክት ሰዉ አርአያውን ፍለጋ እንዳይደክም አሰበና በቢሮው ግድግዳ ላይ ያለውን የአቶ ምንይችልን ፎቶ ዳንግላ ወስዶ፣ በሰው ፊት ልክ አባዝቶ፣ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ለጭምብለኞቹ ሁሉ አከፋፈለ። በቅሉ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ።

ዋኘው ፎቶውን ይዞ ቢሮ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁላችንም እርስዎን እንሁን ነው?»

«አርአያ ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

«ኧረ ምንም! ለእኛማ ሠርግና ምላሽ ነው» አለና እየተቻኮለ ወጣ። ከቀርከሃው አጥር ጀርባ የሆነ ነገር ሲንፈቀፈቅ ተሰማ። አቶ ምንይችል ሳል መሰላቸው።

ቤት ሲገቡ ስሜነሽ ጀሪካኗን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር።

«ይህ ቦኖ እንዲያው መቼ ነው…»

«ቆይ ስሜነሽ፣ አሁን ያለነው ባህል ላይ ነው» አሉና ስለ መመሪያው ከመነሻ እስከ መድረሻ አስረዷት።

ስሜነሽ እስከ መጨረሻው ሰማች። መስማት ለምዳለች።

«ሴትም ትለብሳለች?» አለች በመጨረሻ።

«መመሪያው ጾታ አይለይም» አሉ አቶ ምንይችል፣ ደረታቸውን ነፍተው። ይህን ስላሰቡበት ኩራት ተሰማቸው። አላሰቡበትም ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሽመክት አንድ የመጨረሻ ሐሳብ ይዞ መጣ። «አመራሩ ግንባር ቀደም መሆን አለበት ጋሼ። እርስዎም ጭምብል ቢያደርጉ፣ ሕዝቡ ከጎኑ እንዳሉ ይረዳል።»

«የማንን?»

«የእርስዎን ነዋ። ሌላ አልተፈቀደም።»

አቶ ምንይችል ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ቅሉን ፊታቸው ላይ አድርገው መስተዋት አዩ። ፎቶው ወደ ሥልጣን ሲመጡ የተነሡት ነበር፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ፀጉሩ ያልሸሸ። ከራሳቸው ይልቅ እሳቸውን መሰለ። ሽመክት ገመዱን ከኋላ ጠበቅ አድርጎ፣ በሦስት ቋጠሮ አሰረላቸው። ግራጫ ኮታቸውን ለበሱ፤ ከዳንግላ ሁለት አንድ ዓይነት ኮት ገዝተው ነበር፣ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለምርቃት።

ሜዳው ሲደርሱ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጅራፉ ይጮኻል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ከሠላሳ የማያንሱ አቶ ምንይችሎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ግማሹ ይመርቃል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። አንዱ አቶ ምንይችል ጭቃ ላይ ወድቆ ሌላው አቶ ምንይችል «የመሠረት ድንጋይ ተጣለ!» ይላል። እውነተኛው አቶ ምንይችል ቅሉ ውስጥ ሆነው ላብ አጠመቃቸው። ያም ሆኖ፣ ፊታቸው በየአቅጣጫው ሲታይ ትንሽ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

የእንግዳዋ መኪና ከታሰበው ቀድሞ ደረሰ። አቶ ምንይችል ለመቀበል ተንደረደሩ። በእንግዳዋ መተላለፊያ የተዘረጋውን ገመድ የሚጠብቀው ሚሊሻ አበረ ደረታቸው ላይ እጁን ጫነ።

«ጭምብለኛ ከገመዱ ጀርባ!»

«አበረ፣ እኔ ነኝ!»

«እሱንማ ጓደኞችህም ብለውኛል። ጋሼ ምንይችል ያውና፣ እንግዳዋን እየተቀበሉ ነው።»

አቶ ምንይችል ዞር ብለው አዩ። ረዘም ያለ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ አንድ አቶ ምንይችል ለወይዘሮ ትሕትና ዣንጥላ ዘርግቶ ወደ ድንኳኑ እያስገባቸው ነው። ሽመክት ከኋላው ጎንበስ ጎንበስ እያለ ይከተላል።

አቶ ምንይችል ቅላቸውን ሊያወልቁ ገመዱን ያዙ። ቋጠሮው በዝናቡ አብጦ አልላላ አለ። ይህን ያየው አበረ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘ።

«እንዳታወልቀው! አዳራሽ ነው የማስገባህ። መመሪያውን ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።»

«እኮ እኔ ነኝ የጻፍሁት!»

«ጎበዝ! ንዴቱንም እንደሳቸው ነው የያዝኸው» አለ አበረ በአድናቆት።

አጠገባቸው የቆመ ሌላ አቶ ምንይችል በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። «አንተ፣ ጉሮሮህን እንዲህ የምትጠርገው እንዴት አድርገህ ነው? ማነህ?»

«ምንይችል ነኝ!»

«ሁላችንም ነን፣ ወንድሜ።»

በዚህ መካከል የድንኳኑ ሞንታርቦ ጮኸ። ረዥሙ አቶ ምንይችል ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። በቅል ውስጥ የሚወጣ ድምፅ የማንም ድምፅ ነው፤ በዚያ ላይ ሞንታርቦው ውሃ ገብቶበት ያጉረመርማል።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ፣ «በቅድሚያ ዝናቡን ስለ መገኘቱ አመሰግናለሁ። በዚህች ከተማ ሳይመረቅ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።»

ሜዳው ጸጥ አለ። ከዳር አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ተያያዘ።

«ቦኖውን ሦስት ጊዜ መርቄዋለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልመረቀኝም። መቼ ነው ውሃው ስትሉኝ ‹በሂደት ላይ ነው› እላችኋለሁ። በሂደት ላይ ያሉትስ ሴቶቹ ናቸው፤ ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጩ የሚሄዱት። ቧንቧው ከምንጩ እንዲዘረጋ ተገዝቶ ነበር። የት ገባ የምትሉ ካላችሁ ቀና በሉ፤ ዛሬ በሥሩ ያለፋችሁበት በር እሱ ነው። ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› የሚለው ለእናንተ ነው እንጂ ለውሃው አይደለም።»

ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ በሩን አየ። ወይዘሮ ትሕትናም አዩ።

«ውሸት ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ምንይችል ከገመዱ ጀርባ። ቅሉ ጩኸቱን የጥሩንባ ድምፅ አደረገው። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው።

«ስለዚህ» አለ ተናጋሪው፣ «ለመስቀል ውሃው ይገባል። ካልገባ እኔ ምንይችል በጀርባዬ እያዘልሁ ለየቤታችሁ አመላልሳለሁ። አመሰግናለሁ፤ መቀስ አያስፈልገኝም።»

ወይዘሮ ትሕትና ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በሥራ ዘመኔ» አሉ፣ «ኃላፊ ሌላውን ሲገመግም እንጂ በሕዝብ ፊት ራሱን እንዲህ ሲገመግም አላየሁም። እኚህ ሰው ለዞኑም፣ ለክልሉም ተሞክሮ ናቸው። ለመስቀል ሰው እልካለሁ።» ረዥሙ አቶ ምንይችል እጅ ነሥቶ ከድንኳኑ ወጣና ከሌሎቹ አቶ ምንይችሎች ጋር ተቀላቀለ። ሁሉም አንድ ላይ ሆያ ሆዬ አሉ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ቋጠሮው በቢላ ተቆረጠ። አቶ ምንይችል ፊታቸው ወጣ፤ ቀልቶ፣ ሰንበር ወጥቶበት። በቁጣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሽመክት እጃቸውን ጨበጠና አላስለቅቅ አለ።

«ጋሼ፣ ያቺ የዝናቧ ነገር! እንዴት መጣችልዎት? እንግዳዋ እኮ አለቀሱ!»

አቶ ምንይችል ሒሳቡን ሠሩ። አልነበርሁም ቢሉ፣ ከፍተኛ እንግዳ ማንነቱ ባልታወቀ ቅል ፊት አልቅሰዋል ማለት ነው። አልተናገርሁም ቢሉ፣ የተባለው ሁሉ እውነት አይደለም ብለው ማስረዳት አለባቸው፤ በሩ ደግሞ ቆሟል።

«ድንገት ነው የመጣችልኝ» አሉ።

ቢሆንም ጥፋተኛውን ፍለጋ ዋኘውን አስጠሩት። «ማን ነበር?»

«እርስዎ ነበሩ እንጂ ጋሼ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።» የጠየቁት ሰው ሁሉ በዓይኑ በብረቱ አይቷቸው ነበር።

ቤታቸው ሲገቡ፣ የምርቃቱ ኮታቸው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ስሜነሽ ጫፉ ላይ ያለውን ጭቃ በጥፍሯ እየፈቀፈቀች ነው።

«ይህ ኮት ምን አረጠበው?»

«ዝናብ።»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ዘነበ?»

ስሜነሽ ኮቱን ገለበጠችው። አቶ ምንይችል ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁመቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት መሰላቸው፤ ለካ በቁመት ከእሳቸው ትበልጣለች።

«ስሜነሽ፣ አንቺ! ይህን ያህል ነገር ሆድሽ ውስጥ ካለ ምናለ በፊቴ ብትነግሪኝ?»

«በፊትህ ነው እኮ የነገርኩህ» አለች። «በራሴ ፊትማ ስነግርህ ስንት ክረምት አለፈ። ‹ቆይ ስሜነሽ› ነበር መልስህ። ያንተን ፊት ብለብሰው፣ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ሜዳው ሙሉ ጸጥ አለ። አንተም ሰማኸኝ።»

አቶ ምንይችልን ደረታቸው አካባቢ አንድ የማያውቁት ነገር ሞቅ አላቸው። ጉንፋን መሰላቸው። ጉንፋን አልነበረም።

በማግስቱ በሩ ፈረሰ። ከተማው ሙሉ ወጣ። ዋኘውና ጓደኞቹ ቧንቧውን ከበሩ እየፈቱ ተሸከሙ፤ ከምንጩ በላይ፣ ከገበያውም ከፍ ብሎ ካለው የውሃ ዐይን ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ቦይ ተቆፈረ። አቶ ምንይችል ዶማ ይዘው ፎቶ ተነሡ። ፎቶ አንሺው ከሄደ በኋላ ግን ዶማውን ማስቀመጥ ረሱ። እጃቸው ውሃ ቋጠረ፤ ወገባቸው ተቆረጠ፤ ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ያቺን ድንጋይ እስቲ ይግፉልን» ሲሏቸው ገፉ። ማንም አላጨበጨበም። የሚገርመው፣ ይህ ትዝ ያላቸው ማታ ቤት ገብተው እግራቸውን ሲታጠቡ ነበር።

መስቀል ሳይደርስ ቦኖው አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። አቶ ምንይችል መቀሳቸውን በኪሳቸው ይዘው ሲደርሱ ሰልፉ ገበያውን ዞሯል። ከፊት የነበረችው ስሜነሽ ጀሪካኗን ሞልታ አነሣችና «እስቲ ዞር በል፣ ሰው ይቅዳ» አለቻቸው። ዞር አሉ። ቦኖው ሳይመረቅ ቀረ። እስከ ዛሬም ይሠራል።

ወይዘሮ ትሕትና የላኩት ሰው መጥቶ ጠጥቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ምንይችል እንጅባራ በሚካሄደው የዞኑ ኃላፊዎች ጉባኤ ላይ ተሞክሯቸውን እንዲያቀርቡ ተጋበዙ።

«ልናገርልህ?» አለች ስሜነሽ።

«አሁንማ የራሴ ሥራ ነው» አሉ፣ እውነትም ነበር።

«እንግዲያው በአጭሩ በለው። ቧንቧውን ሰቅዬው ነበር፣ አወረድሁት፣ ቀበርሁት፣ ውሃ መጣ።»

አቶ ምንይችል ይህን ለሽመክት ነገሩት። ሽመክት «ከባድ መድረክ ነው ጋሼ፣ ትንሽ እናስፋው» አለ። ሰፋ። እየሰፋም ሄደ።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር። ወይዘሮ ትሕትና ከፊት ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት «አሁን ትሰማላችሁ፣ ይህ ሰው እውነት ሲናገር ፀጉር ያቆማል» እያሉ ነበር። አቶ ምንይችል አዲስ ኮት ለብሰው ወጡ። ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«የአቀባበል መሠረተ ልማትን ከውሃ ተደራሽነት ጋር በማናበብ፣ ቁመታዊ የነበረውን የቧንቧ ሀብት ወደ አግድመታዊ አጠቃቀም በማሸጋገር ረገድ የተመዘገበው ውጤት…»

የወይዘሮ ትሕትና ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ዓይናቸውን አጥብበው የተናጋሪውን ፊት መረመሩ፤ ጉንጩ ሜዳው ላይ ካዩት ይልቅ ጎደል ያለ ነው፣ ፀጉሩም ሸሽቷል፣ ቁመቱም አጥሯል። ወደ ሰብሳቢው ጆሮ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። ሰብሳቢው በፈገግታ ወደ መድረኩ ወጣና ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፈነ።

«ወንድሜ፣ ግሩም ነው፤ የጉሮሮውን አጠራረግ በደንብ ይዘኸዋል። ከተማችሁ ጭምብል እንደምትወድ እንግዳችን ነግረውናል። ይህ ግን የሥራ መድረክ ነው። ጭምብሉን አውልቅና አቶ ምንይችልን ጥራልን።»

«እኔ ነኝ!» አሉ አቶ ምንይችል።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አሉ» አለ ሰብሳቢው፣ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ። «በል አውልቀው፤ ማን እንደሆንህ አይተን እናጨብጭብልህ።»

አቶ ምንይችል አዳራሹን አዩ። ከዚያ እጃቸው፣ እሳቸው ሳያዙት፣ ወደ አገጫቸው ሄደ፤ ከጆሯቸው ጀርባ ዞረ፤ በማጅራታቸው ላይ ቋጠሮ ፈለገ። የጭምብሉን ገመድ ያጣ ሰው ሲያስመስሉ ያየው ጉባኤ፣ እንዲህ ያለ ችሎታ አይቶ አያውቅምና፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።